ዕቅዱን ከመጨረሻው ጥያቄ መጀመር፦ የ5ኛ ክፍል ክፍልፋይ ድመራና ሌሎች ምሳሌዎች

መምህርት ሰሌዳ

ሰላም መምህራን። ርዕሱ የ5ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ የተለያየ ታህት (የታችኛው ቁጥር) ያላቸውን ክፍልፋዮች መደመር። የተመደበው 5 ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፣ ክፍሉ ውስጥ 62 ተማሪ። የዕለት ዕቅዱ ላይ «ዓላማ» በሚለው ሥር «ተማሪዎች የክፍልፋይ ድመራን ይረዳሉ» ተብሏል፤ «ግምገማ» በሚለው ሥር «በቃል ጥያቄና በክፍል ሥራ»። ከዓላማው ተነስቶ ማቀድ ሲባል በዚህ ርዕስ ላይ ምን ይመስላል? የጥያቄዎቹን ዓይነትና የደቂቃ ክፍፍሉን ጭምር ብትጽፉልኝ። ነገ ክፍል ይዤው የምገባው ነገር ነው የምፈልገው።

ጠመኔ

መምህርት ሰሌዳ፣ ቅጹን መቀየር አያስፈልግሽም፤ የምትሞዪበትን ተራ ብቻ ቀይሪ። ከዓላማው ቀጥለሽ ግምገማውን ጻፊ። «የመምህሩ ተግባር» እና «የተማሪው ተግባር» የሚሉትን ለመጨረሻ ተያቸው።

ዓላማው። «ይረዳሉ»፣ «ያውቃሉ»፣ «ይገነዘባሉ» የሚሉት በዓይን አይታዩም። ስለዚህም ነው ግምገማው «በቃል ጥያቄ» ከማለት የማያልፈው። ልጁ ምን ሲሠራ ብታዪ ነው «ገባው» የምትዪው? እሱን ጻፊ፦ «ተማሪዎች ታህታቸው የተለያየና ከ12 የማይበልጥ ሁለት ክፍልፋዮችን ይደምራሉ፤ መልሳቸው የሚያስኬድ መሆኑንም በግምት ያረጋግጣሉ።» ከ12 አይበልጥ ያልኩት በምክንያት ነው። ገደብ ካላስቀመጥሽ ሰሌዳው ላይ 7/15 + 4/21 ይመጣና ልጁ ማባዛቱ ላይ ይወድቃል። ያኔ ያቃተው ክፍልፋዩ ይሁን የማባዛት ሠንጠረዡ መለየት አትችዪም።

ማስረጃው። በ5ኛው ክፍለ ጊዜ የምትሰጪውን አጭር ፈተና ማስተማር ሳትጀምሪ ዛሬውኑ ጻፊው። አራት ጥያቄ ይበቃል።

1. 2/3 + 1/6
2. 3/4 + 1/6
3. አንድ ገበሬ ከማሳው 1/3ኛውን ጤፍ፣ 2/5ኛውን ስንዴ ዘራ። ከማሳው ስንት እጁ ተዘራ?
4. አንድ ተማሪ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ። ሳትደምሩ ስህተት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

አራተኛውን በምንም ምክንያት እንዳታወጪው። 2/5 ከግማሽ ያንሳል፤ ግማሽ ላይ የሆነ ነገር ተጨምሮበት ከግማሽ ሊያንስ አይችልም። ይህን በራሱ ቃል የጻፈ ልጅ የክፍልፋይን መጠን ያያል። ላዕልን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህትን ከታህት መደመር በዚህ ርዕስ ላይ በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ስሌቱን ብቻ በማለማመድ ለጊዜው ይደበቃል እንጂ አይጠፋም፤ ልምምዱ ሲቆም ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ከአራቱ ጥያቄ ወደ ኋላ ሂጂ። ለ4ኛው ልጁ ምን ያስፈልገዋል? የመጠን ግምት። ለ2ኛው? አቻ ክፍልፋይና የጋራ ብዜት። ክፍለ ጊዜዎቹ ከዚህ ይወጣሉ።

1ኛ ክፍለ ጊዜ የወረቀት ቁራጭ ነው። 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ እንደ አንድ ሙሉ ይወሰድ። ግማሹ 6፣ ሲሶው 4፣ ሩቡ 3፣ አንድ ስድስተኛው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 12ን የመረጥኩት ሁሉም ያለ ትርፍ ስለሚወጡ ነው፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ብትጀምሪ ሲሶው 3.3 ይሆንና ልጆቹ ማስመሪያው ላይ ይጠፋሉ። 1/2ን እና 1/3ን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 10/12 ወይም 5/6 ያገኛሉ። 2/5 እንዳልሆነ በዓይናቸው ያያሉ።

2ኛው አንዱ ታህት የሌላው ብዜት ሲሆን ነው፤ 1/2 + 1/4፣ 1/3 + 1/6። አንዱን ክፍልፋይ ብቻ ስለሚለውጡ ጭነቱ ግማሽ ነው። 3ኛው ታህቶቹ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው፤ 1/2 + 1/3፣ 2/5 + 1/4። 4ኛው የጋራ አካፋይ ያላቸው፤ 1/4 + 1/6፣ ከዚያ መልሱ ከአንድ የሚያልፈው 5/6 + 3/8፣ እሱም 29/24፣ ማለትም 1 ሙሉ ከ5/24። 5ኛው 20 ደቂቃ የቃላት ጥያቄ፣ 15 ደቂቃ ፈተና፣ 5 ደቂቃ ማስረከቢያ።

የአንዱን የ40 ደቂቃ ክፍፍል ልስጥሽ፣ 3ኛውን። 5 ደቂቃ የትናንቱ አንድ ጥያቄ በደብተር፤ 10 ደቂቃ ሁለት ምሳሌ ሰሌዳ ላይ፣ ከማስላት በፊት «ከግማሽ ይበልጣል? ከአንድስ?» ተብሎ እየተገመተ፤ 15 ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት ጥያቄ፤ 5 ደቂቃ በዙሪያው ስትመላለሺ ያየሽውን አንድ ስህተት የማንም ስም ሳይነሳ ሰሌዳ ላይ ማረም፤ 5 ደቂቃ የመውጫ ጥያቄ፣ ማለትም ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ። ሰዓት ሲጠብብሽ የሚቀነሰው ከመካከሉ ይሁን። የመውጫ ጥያቄውን ከዘለልሽው ነገ ከየት እንደምትጀምሪ አታውቂም።

ቀይ እስክሪብቶ

መምህር ጠመኔ፣ ከአክብሮት ጋር በሁለት ነገር አልስማማም።

አንደኛ፣ መጽሐፉ። በተማሪው መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ርዕስ ሥር ብዙ መልመጃ አለ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚጠይቀው «ገጽ ስንት ደርሳችኋል?» ነው። አራት ጥያቄ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ መጽሐፉን ሳይጨርሱ ሰኔን መድረስ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ 3/4 + 1/6ን ታህቶቹን በማባዛት 18/24 + 4/24 = 22/24 ብሎ የሠራውን ልጅ ምን ልንለው ነው? ትንሹን የጋራ ብዜት አልተጠቀመም።

በተረፈ ደግሞ ይህ ከዓላማ ተነስቶ ማቀድ የሚባለው በየሥልጠናው ስሙን እየቀየረ የሚመጣ ነገር መሆኑን ልብ በሉ።

ጠመኔ

ከመጨረሻው ልነሳ። ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ራልፍ ታይለር በ1949 እ.ኤ.አ. ሥርዓተ ትምህርት ከዓላማ ተነስቶ መዘጋጀት እንዳለበት ጽፏል። አሜሪካውያኑ ዊጊንስና ማክታይ በ1998 እ.ኤ.አ. ዓላማ፣ ማስረጃ፣ ተግባር በሚል በሦስት ደረጃ አስቀመጡት። ሥልጠናው ላይ የሚቀርበው ሠንጠረዥ ይለያያል፤ ተራው ግን ያው ነው። ሠንጠረዡን ተወውና ተራውን ያዝ።

22/24 ትክክል ነው፣ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ዓላማው «ይደምራሉ» ነው የሚለው፤ «በትንሹ የጋራ ብዜት ይደምራሉ» አላለም። መልሱ በአነስተኛ ቁጥር እንዲጻፍ ከተፈለገ ዓላማው ላይ ይጻፍ፣ ለልጆቹም ይነገር፣ ያኔ 11/12 ያላለ ግማሽ ማርክ ያጣል። ያልተጻፈ ዓላማ በእርማት ጊዜ ሲወለድ ነው ልጆች ተበደልን የሚሉት፣ እውነታቸውንም ነው።

ስለ መጽሐፉ ሌሎች ይጨምሩበት።

አቦጊዳ

የመጽሐፉ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ በቁጥር እንየው።

ምዕራፉ 20 ክፍለ ጊዜ ተመድቦለታል እንበል። የመምህሩ መምሪያ ላይ የተዘረዘሩትን ዝርዝር ዓላማዎች አንድ ወረቀት ላይ አውጧቸው። 14 ቢሆኑ ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም። በሦስት ክፈሏቸው፦ ያለ እነሱ ቀጣዩ ምዕራፍ የማይሄድ፤ ልምምድ የሚፈልግ ግን ቀጣዩን የማያስቆም፤ መተዋወቅ ብቻ የሚበቃው። የመጀመሪያው ዓይነት ከ4 ወይም ከ5 አይበልጥም። ከ20ው 12ቱን ለእነዚህ፣ 4ቱን ለሁለተኛው፣ 1ን ለሦስተኛው ስጡ። 3 ክፍለ ጊዜ ባዶ ይቅር። ከማስረጃው በኋላ መልሶ ለማስተማር የሚያስፈልገው ጊዜ ከየትም አይመጣም፤ አስቀድሞ ካልተቀመጠ የለም። ዓመታዊ ዕቅድ ላይ ደግሞ በበዓላት፣ በስብሰባና በመንፈቅ ፈተና የሚያልፉትን ቀናት መጀመሪያ ቀንሱ፣ ከዚያ ምዕራፎቹን አከፋፍሉ። በተለይ ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር ላይ ገና፣ ጥምቀትና ፈተና ስለሚደራረቡ ከባዱን ምዕራፍ እዚያ ላይ አታሳርፉት።

መልመጃውስ? 20 ጥያቄ ካለ ዓላማውን የሚነኩ 6 ምረጡ፦ 2 ከቀላሉ፣ 3 ከመካከለኛው፣ 1 ከከባዱ። ሌላው ለፈጣኖቹና ለቤት ሥራ ነው። ለሱፐርቫይዘሩ «ገጹ ተሸፍኗል፣ ልጆቹ የሚችሉት ደግሞ ይኸው» ብላችሁ የመውጫ ጥያቄውን ውጤት ማሳየት ትችላላችሁ። ቁጥር ይዞ የቀረበን መምህር የሚገፋ የለም።

ዕቅድ ለሚፈርሙ የትምህርት ክፍል ተጠሪዎችም አንድ ፈጣን መንገድ አለ። የዕቅዱን መካከል በእጅ ሸፍኑትና ዓላማውንና ግምገማውን ብቻ አንብቡ። ዓላማው «ያነጻጽራሉ» ብሎ ግምገማው «ዘርዝሩ» ካለ ዕቅዱ ገና አላለቀም፤ መካከሉ ምንም ያህል ቢያምር።

መምህርት ሰሌዳ

መምህር ጠመኔ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 62 የመውጫ ወረቀት በየቀኑ ማረም ግን ይከብደኛል። በዚያ ላይ ወረቀቱ ከየት ይመጣል?

ቀይ እስክሪብቶ

ይህንን እኔ ልመልስ፤ ብዙ ተማሪ ያለበት ክፍል ላይ የሚሠራ ነገር ነው።

አንድ የደብተር ቅጠል ለአራት ይቀደዳል፤ ለ62 ልጅ 16 ቅጠል። በየቀኑ ሳይሆን ከ5ቱ ክፍለ ጊዜ በ2ኛውና በ4ኛው ብቻ አድርጊው። ማርክ አትስጪበት። ሦስት ክምር ነው የምትሠሪው፦ ትክክል፤ መንገዱ ትክክል ስሌቱ ስህተት፤ መንገዱ ስህተት። ለአንድ ወረቀት ጥቂት ሰከንድ ነው፣ በዕረፍት ሰዓት ያልቃል። ክምሩን ስታዪ ውሳኔው አስቀድሞ የተጻፈ ይሁን፦ ሦስተኛው ክምር ከ20 ካለፈ የነገው ትምህርት በሌላ መንገድ፣ ምናልባት በወረቀት ቁራጩ፣ ይደገማል፤ ከ8 ካነሰ ልጆቹ በክፍል ሥራ ሰዓት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተሰብስበው ይታገዛሉ፤ በመካከሉ ከሆነ የመክፈቻውን 5 ደቂቃ ወደ 15 አሳድጊው።

በቀሩት ቀናት ያለ ወረቀት በጣት ይሁን። ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ጻፊና አራት ምርጫ ስጪ፦ ሀ) 2/5 ለ) 5/6 ሐ) 2/6 መ) 1/6። ሀ አንድ ጣት፣ ለ ሁለት፣ እንዲህ እያለ። ልጆቹ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው በአንድ ጊዜ ያሳዩሻል፤ ከፍ አድርገው ካወጡ ጎረቤት አይተው ይለውጣሉ። የምርጫዎቹ ጥቅም እያንዳንዱ ስህተት የራሱ ምክንያት ስላለው ነው። ሀ ያለው ላዕልና ታህትን ለየብቻ ደምሯል። ሐ ያለው ታህቱን 6 አድርጎ ላዕሉን ሳይለውጥ ትቶታል፤ ይህ ልጅ ከሀው በጣም የተሻለ ቦታ ላይ ነው፣ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል። መ ያለው አባዝቷል ወይም ቀንሷል። «ሌላ ቁጥር» ተብለው የተቀመጡ ምርጫዎች ማን እንደተሳሳተ ብቻ ነው የሚነግሩሽ፣ ለምን እንደተሳሳተ አይነግሩሽም።

«ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቅር። 62 ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ» የሚለው ምንም የማይነግርሽ ነገር ነው።

ቤተ ሙከራ

ሳይንስ የምታስተምሩ፣ ማስረጃው ከዓላማው ግስ ጋር ይዛመድ የሚለው እኛ ጋ ሲጣስ ይባስ ጎልቶ ይታያል። ዓላማው «የጠጣር ነገርን እፍግታ (መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል) ይለካሉ» ይላል፤ ፈተናው «የእፍግታ ቀመር ምንድን ነው?» ይላል። ቀመሩን ያስታወሰ ሁሉ ለካ ማለት አይደለም።

ዓላማው «ይለካሉ» ከሆነ ልጁ በእጁ መለካት አለበት። ድንጋዩ በሚዛን 50 ግራም ሆነ። በመለኪያ ሲሊንደሩ ያለው ውኃ ከ50 ወደ 70 ሚሊ ሊትር ከፍ አለ። የድንጋዩ ይዘት 20 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ እፍግታው 2.5 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር። ሲሊንደር ከሌለ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱ ይቆረጥ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፍ፣ መርፌ በሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውኃ እየተጨመረ በየ10ሩ ይሰመርበት። ወገቡ የጠበበ ጠርሙስ አትጠቀሙ፣ መስመሮቹ እኩል ስለማይራራቁ ልጆቹ በመካከላቸው መገመት ያቅታቸዋል። ጠርሙሱ ሰፊ ከሆነም ትንሽ ድንጋይ ውኃውን ከፍ ሲያደርግ አይታይም።

50 ልጅ በአንድ ቀን ማየት አይቻልም። በአንድ ክፍለ ጊዜ 10 ልጅ፣ አራት ምልክት ብቻ ባለው ዝርዝር፦ ውኃውን ድንጋዩን ከመክተቱ በፊት አነበበ? ዓይኑን ከውኃው ወለል ጋር እኩል አደረገ? ድንጋዩን በክር ቀስ ብሎ አወረደ? አሃዱን ጻፈ? የመጀመሪያውን የሚረሱት ብዙ ናቸው፤ 70ውን ብቻ አንብበው 50ን በ70 ያካፍሉና 0.71 ያገኛሉ። ውኃ ውስጥ የሰጠመ ድንጋይ ከ1 ያነሰ እፍግታ ሊኖረው እንደማይችል ካወቁ ስህተቱን ራሳቸው ይይዙታል። የመምህር ጠመኔ 4ኛ ጥያቄ እኛ ጋ ይህ ነው።

የቅዳሜ ትምህርት

ከዋሽንግተን አካባቢ ነው። እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለ90 ደቂቃ አማርኛ የሚማሩ ልጆች አሉን፤ ይሰማሉ፣ ማንበብ ግን አይችሉም። ዕቅዱ ሁልጊዜ ከ«ሀ» ተነስቶ በሳምንት አንድ ረድፍ ነው። 33 ረድፍ በሳምንት አንድ ጊዜ ማለት አንድ የትምህርት ዓመት ሊያልቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያው ተረስቷል። ከዓላማ መነሳት እዚህ ላይ ያግዛል?

አቦጊዳ

በጣም ያግዛል። ዓላማችሁ «231ዱን ፊደላት ይለያሉ» ነው ወይስ «ከአያታቸው የመጣ አጭር መልእክት ያነባሉ»? ሁለተኛው ከሆነ ማስረጃው በ12ኛው ሳምንት የሚሰጥ፣ ከዚያ በፊት ያላዩት አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ኑ።

በስምንት ረድፍ ጀምሩ፦ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ አ። 56 ቅርጽ ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ግን ሰላም፣ ቤት፣ እናት፣ አባት፣ ስም፣ ምሳ፣ በር፣ ላም፣ አንበሳ፣ ተማሪ፣ መብራት ይወጣሉ፤ «አባት ምሳ በላ።» የሚለውም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ልጆቹ ቃላቱን በጆሯቸው ስለሚያውቁ ሲያነቡ ትርጉሙ ወዲያው ይመጣላቸዋል። በድምፅ የሚመሳሰሉትን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ለኋላ አቆዩ፤ በዚህ ዓላማ ላይ የሚጨምሩት ድምፅ የለም።

በሁለት ሳምንት ሦስት ረድፍ ገደማ ብትሄዱ ስምንቱ በ6 ሳምንት ያልቃሉ፤ የቀሩት 6 ሳምንታት ለንባብና መልእክቱ ለሚጠይቃቸው ጥቂት ተጨማሪ ረድፎች ነው። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕና ኃምስ በአብዛኛው ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው አንዴ ከገቡ በሌላው ረድፍ ይደገማሉ፤ ረ ግን ያፈነግጣል፣ ለብቻው ጊዜ ስጡት። የሚያስቸግረው ሳድስ ነው። ል፣ ም፣ ስ፣ ር፣ ብ፣ ት፣ ን፣ እ አንድ ወጥ ምልክት የላቸውም፤ ያለ እነሱ ደግሞ የሚነበብ ቃል ጥቂት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ረድፍ ግዕዝና ሳድስ መጀመሪያ አስተምሩ።

ምዘናው ላይ የምትጠነቀቁበት አለ። ገበታውን በዜማ የሚያወርድ ልጅ «ሚ»ን ለብቻዋ ስታሳዩት በሆዱ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። ያ ልጅ ገና አላነበበም። ካርዶቹን አደባልቁ፣ ለአንዱ ሁለት ሰከንድ ስጡ። በ56ቱ ላይ 45 ከደረሰ ወደ ዓረፍተ ነገር ይሂድ፤ የጎደሉት በንባብ ውስጥ ይሞላሉ።

የቅዳሜ ትምህርት

ግልጽ ነው። ወላጆች «ልጄ ሀ ሁን ሙሉ አይልም» ሲሉስ?

አቦጊዳ

በመጀመሪያው ቀን የ12ኛውን ሳምንት መልእክት አሳዩአቸው፤ «ልጃችሁ ይህንን ያነባል» በሉ። የገበታው ዜማ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ቢባል ምንም አይጎዳም፣ ልጆቹም ይወዱታል። ዕቅዱን የሚመራው እሱ እንዳይሆን ብቻ ነው።

መምህርት ሰሌዳ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የምዕራፉ ፈተና 20 ጥያቄ ነው። ለየዓላማው ስንት ስንት ጥያቄ ላድርግ?

ጠመኔ

የፈተና ቢጋር ሥሪ። በቁመት ዓላማዎቹን፣ በአግድም ሦስት ዓምድ፦ ማስታወስ፣ መሥራት፣ ማስረዳት። ጥያቄዎቹን በተሰጣቸው ክፍለ ጊዜ መጠን አካፍዪ። ድመራ ከ20 ክፍለ ጊዜ 5 ከወሰደ ከ20 ጥያቄ 5 ያገኛል፤ ከ5ቱ 1 ማስታወስ፣ 3 መሥራት፣ 1 ማስረዳት። ቢጋሩን ጥያቄ ከመጻፍሽ በፊት ሙዪው። ጥያቄው ቀድሞ ከተጻፈ ለማውጣት የሚቀለው ሁሉ «ማስታወስ» ዓምድ ውስጥ ይከማቻል።

ቁጥሮቹን ደግሞ ለውጪ። ክፍል ውስጥ 3/4 + 1/6 ከተሠራ ፈተናው ላይ 5/6 + 1/4 ይሁን፣ መልሱ 13/12። ያው ጥያቄ ከተደገመ የሚመዘነው ትውስታ ነው። የ5ኛ ክፍል ሌሎች መምህራን ካሉ በየክፍሉ የተለያየ ፈተና ከምታወጡ ይህን ቢጋር አብራችሁ ሙሉት፤ አንዳችሁ ጋ ልጆቹ 4ኛውን ዓይነት ጥያቄ ሠርተው ሌላው ጋ ካቃታቸው፣ የተሳካለት ክፍል ውስጥ በ1ኛው ክፍለ ጊዜ ምን እንደተደረገ ገብታችሁ ተያዩ።